የቀጠሮ ርዝመት

ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከጎኑ ነበርሁ፣
የተናገረውን በጣቴ እየሰፈርሁ፤
በፊት በታይፕ ነበር፣ ኋላ በኮምፒውተር፣
መብራት የጠፋ ለት እስክሪብቶም ነበር።

ዳኛ ሐሚሶ ዱካሌ
በእግሩ ነው የሚመጣው ከጉዱማሌ፣
ክረምት ሲሆን መዝገብ ጠቅልሎ በፌስታሌ።
(የዳቦዬን ፌስታል፣ ወስዶ ያስቀረውን፤
በእሱ ላይ ያለኝ ክስ ይኸው ብቻ ይሁን።)

ማዕረጉ ረጅም፦ የፌዴራል ከፍተኛ
ፍርድ ቤት፣ የሐዋሳ ምድብ ችሎት ዳኛ።
የበሩ ሰሌዳ ቢጠበው ለሠዓሊው
"ዳኛ" የሚለውን ከጫፉ ዘለለው።
"ግድ የለም" አለ እሱ፣
"ገብቶ ያገኘኛል የፈለገኝ ሰው።"

አሞራ ገደል ወርዶ ዓሣ በልቶ አያውቅም።
በሹመቱ ሰሞን፣ ታንኳ ዳር ተጠግቶ
ሒሳብ ቢል፣ አሥጋሪው "ከርስዎማ አልወስድም"
አለው፤ እሱ ብሩን ድንጋይ ጭኖ ትቶ፣
የተረፈውን ዓሣ ለአባ ኮዳ ሰጥቶ
ሄደ። ከዚያ ወዲህ
ሐይቁ ለእሱ ሐይቅ እንጂ ምሳ ሆኖ አያውቅም።

ችሎት ላይ አይቆጣም። ነገር ሲደፈርስ
መነጽሩን አውልቆ በካባው ጫፍ ሲያብስ
ጠበቃ ዝም ይላል፣ ምስክር ይደርቃል፤
መነጽር ሲወለወል ማን ውሸት ይደፍራል?

አንድ መዝገብ አለ፣ ቁጥሩን ያልረሳሁት፤
ጥቁር ውኃ ኬላ አይሱዙ የያዙበት፤
ከላይ ድንች ጭኖ፣ ከሥር ሲጋራ ነው።
ሾፌሩ ዘለለ፣ ባለንብረት ጠፋ፣
ከጎማው ሥር ተኝቶ ረዳቱ ሲያንቀላፋ
እሱ ተያዘ፤ ተክሉ ኦይሳ፣ ጢሙ ገና ጭስ ነው።
"ድንች ነው ያልኩትማ፣ ድንች ነው ስላሉኝ።"
ይህን ብቻ አለ። ይህን ብቻ ጻፍሁኝ።

ሕጉ ወለል አለው። ከወለሉ በታች ቀዳዳ ፍለጋ
ሦስት ሌሊት ዳከረ፤ አራተኛው ነጋ።
"ጻፊ" አለኝ። ጻፍሁኝ፤ "በአምስት ዓመት ጽኑ—"
መብራት ድርግም አለ፤ ጨለመ ስክሪኑ።
ሴቭ ያላደረግሁት፣ የለፋሁት ጠፋ፤
ጄኔሬተር የለን፣
ተቀመጥን ሁለታችን፣ ደጅ ዝናብ ሲያካፋ።
ብዙ ቆይቶ እሱ፣ ፊቱ ሳይታየኝ፣
"መብራት እስኪመጣ
ያ ልጅ ነጻ ነው" አለ።

መብራቱ ተመልሶ፣ በዘጠኝ ተኩል ላይ፣
ያንኑ አምስት አስጻፈኝ፣ ሳያየኝ፣ ሳላይ።

ጡረታ ሲወጣ የግድግዳ ሰዓት ሸለምነው አዋጥተን፤
"አሁን ነው ወይ ጊዜ የምትሰጡኝ?" ብሎ አሳቀን።

አምና በመጋቢት፣
የልጄን የልደት ቀን ላስተካክል ብዬ ከከተማው ፍርድ ቤት
ብገባ፣ አየሁት።
ከጥግ አግዳሚው ላይ፣ ባለጉዳይ ሆኖ፣
ቀለብ ከምትጠይቅ አራስና ከአንድ ባለባጃጅ መሀል፣
ፌስታል ጉልበቱ ላይ ጭኖ።
ጎረቤቱ አጥሩን አንድ ክንድ ገፍቶበት ኖሯል።

ልጅ እግር ናት ዳኛዋ፤ ከየት ታውቀዋለች?
"ሐሚሶ ዱካሌ!" ሲሉት
"አቤት!" ብሎ ቆመ። ከስሙ ፊት ያለችው
ያቺው ቃል፣ ዳግመኛ ተዘለለች።
"ለግንቦት ሃያ ሁለት" ብላ መዝገብ ዘጋች።
ሌላ ስም ተጠራ።

ደጅ ወጥተን ቆምን። መነጽሩን አውልቆ
በሸሚዙ ጫፍ አበሰ፤ ካባ የለማ።
"ስንት ጊዜ ይሆን ይቺን ያስጻፍሁሽ?"
"አልቆጠርሁም" አልሁት።
"ሦስት ፊደል ነበረች፣ ቀጠሮ፣ ያኔ ሳስጽፍሽ።
ከዚያኛው ወንበር ላይ ሆነው ሲያዩአት ግን..."

አልጨረሰውም። ባጃጅ ልጥራ ብለው
"በእግሬ" አለ። ወደ ጉዱማሌ
ፌስታሉን በብብቱ ይዞ አዘገመ።
መብራት ነበር ያን ቀን።
በከተማው ሁሉ መብራት ነበር።